ሞዴል 22 የተፈረመባት ግመል

ዋቅጋሪ ሞሲሳ ጥርስ ያበቀለው ከጥጃ ጋር ነው። ደንዲ፣ ከሐይቁ በላይ ካለ ቀበሌ ተወልዶ እስከ ሠላሳ ዓመቱ ከብት ሲያረባ ኖረ። የሚዋጋ በሬ፣ የምትራገጥ ላም፣ አልታለብ ያለች አዲስ ወላድ ስትገኝ ጎረቤት ሁሉ የሚጠራው እሱን ነበር። አጠገቧ ሄዶ ይቆማል፤ ምንም አይልም፤ ጥቂት ቆይቶ ከብቷ ራሷ አንገቷን ትሰጠዋለች። ወንድሙ ሲያገባ መሬቱ ለሁለት አልበቃ አለና ዋቅጋሪ ሚስቱን ባየሽን ይዞ አምቦ ገባ።

ከከተማው ዳር ባለ አንድ የምርምር ማዕከል መጀመሪያ አሥራ አራት ዓመት በር ጠበቀ፤ ቀጥሎ የጥንቸሎች ተንከባካቢ አደረጉት። የጥንቸሎቹ ሥራ ደም መስጠት ነበር። በሳምንት አንድ ቀን ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው ይመጣና ከጆሯቸው ጥቂት ደም ይቀዳል፤ ዋቅጋሪ ደግሞ አቅፎ ያባብላቸዋል። አሥራ አንድ ዓመት አባበለ። ባየሽ ሰው ሲጠይቃት «ባሌ የመንግሥት ሠራተኛ ነው» ትላለች እንጂ ጥንቸል ያባብላል ብላ አታውቅም።

በ2010 ዓ.ም. መስከረም ላይ ዶክተር ሰምሃል የጥንቸሎቹ ቤት በር ላይ መጥታ ቆመች። ማዕከሉን ከተቀላቀለች ገና ዓመት ያልሞላት፣ ስትናገር የምትጣደፍ፣ ስታስብ ደግሞ እስክሪብቶ የምትነክስ ተመራማሪ ናት።

«ኦቦ ዋቅጋሪ፣ ግመል ያውቃሉ?»

«በሥዕል።»

«እንግዲህ በአካል ሊያውቋት ነው።»

እዚያው የመኖ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ነገረችው። እንስሳ ሁሉ እንግዳ ነገር ደሙ ውስጥ ሲገባበት የሚያንቅለትን ነገር ይሠራል፤ አንቲቦዲ ይባላል። ለእባብ መርዝ የሚሰጠው መድኃኒትም የሚገኘው ከዚሁ ነው፤ ትንሽ መርዝ የተወጋ ፈረስ ደሙ ውስጥ ያንን አናቂ ይሠራል። ችግሩ መድኃኒቱ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ሙቀት ላይ ብዙ ከቆየ ይበላሻል።

«ግመል ግን ሌላ ዓይነት አንቲቦዲም አላት» አለች ሰምሃል። «ከሌሎቹ በጣም ያነሰ፣ ሙቀት የማይበግረው። የሚሠራበትን የዘር መመሪያ ከደሟ ካገኘን ባክቴሪያ ውስጥ እናስገባዋለን። ከዚያ በኋላ ባክቴሪያው እየተራባ ይሠራልናል። ፍሪጅ በሌለበት ጤና ኬላ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ መድኃኒት እናገኝ ይሆናል።»

 የዋቅጋሪ ታላቅ እህት ጃለኔ ከካቺሲ ወዲያ ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ተድራ ነበር። ማሽላ ስታጭድ እባብ ነደፋት። በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ኬላ ሲያደርሷት መብራት ከጠፋ ስድስተኛ ቀኑ ነው፤ መድኃኒቱ ተበላሽቷል ተባለ። ወደ ሌላ ቦታ ሲወስዷት መንገድ ላይ አረፈች። ይህን ለሰምሃል አልነገራትም።

«መቼ ትመጣለች?» ብቻ አለ።

ግመሏ ቶሎ አልመጣችም። በፕሮጀክቱ በጀት ላይ «እንስሳ» የሚል መደብ አልነበረም፤ «የላቦራቶሪ መሣሪያ» የሚል ግን ነበር። የግዥ ክፍል ኃላፊው ሰምሃልን አስቀምጦ ጠየቃት።

«ግመሏ ምንድን ነው የምትሠራው?»

«አንቲቦዲ ታመርታለች።»

«ታዲያ ማምረቻ መሣሪያ ናት በይኛ! ይህን ያህል ማስጨነቅ ለምን አስፈለገ?»

እንዲህ ሆነና በኅዳር ወር አንድ «የአንቲቦዲ ማምረቻ መሣሪያ» ከፈንታሌ በአይሱዙ ተጭና አምቦ ገባች። አብሯት የመጣው ጂሎ የሚባል ቀጭን የከረዩ ግመል አርቢ ነው። ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ተማሪው፣ ባጃጅ ነጂው፣ ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ አይሱዙውን ተከትሎ እስከ ማዕከሉ በር መጣ። ግመሏ ከላይ ሆና አምቦን በዝግታ አየች፤ የወደደችው አይመስልም።

ዋቅጋሪ ቀረብ ብሎ በኦሮምኛ «ታኢ» አላት፤ ተቀመጪ ማለቱ ነው። ግመሏ ዞር ብላም አላየችው። ጂሎ ከጉሮሮው አንድ ድምፅ አወጣ፤ እጥፍጥፍ ብላ ተንበረከከች።

«ቋንቋችን አንድ አይደል እንዴ?» አለ ዋቅጋሪ።

«የእኔና ያንተማ አንድ ነው» አለ ጂሎ። «የሷ ግን ሌላ ነው።» ድምፁን ሦስት ጊዜ አስተማረው፤ ሻይውን ጠጣ፤ በመጣበት መኪና ተመለሰ።

አሁን መሣሪያዋን መረከብ ያስፈልጋል። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ናትናኤል ይባላል። ከሆሳዕና የመጣ፣ ሸሚዙን እስከ መጨረሻው ቁልፍ የሚቆልፍ፣ በሥራው ማንም የማይተቸው ወጣት ነው። መመሪያው የላቦራቶሪ መሣሪያ ሞዴል 19 ተቆርጦለት ገቢ ከመሆኑ በፊት በባለሙያ መፈተሽ አለበት ይላል። ባለሙያ የተባለው የማዕከሉ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ሰውየው መፍቻውን እንደያዘ ግመሏን ሁለት ጊዜ ዞራት። ቅጹ ላይ «የኃይል ምንጭ» በሚለው ፊት «ቅጠል» ብሎ ጻፈ። «የድምፅ መጠን» በሚለው ፊት «ከፍተኛ»። «የሚታይ ጉድለት» የሚለው ላይ ሲደርስ ጀርባዋን ቀና ብሎ አየና «አንድ እብጠት» ብሎ ፈረመ።

የመለያ ቁጥሩ ወረቀት ፀጉሯ ላይ አልጣበቅ አለ። በሲባጎ አንገቷ ላይ አሰሩት፤ በላችው። ሌላ አሰሩ፤ ያንንም በላች። ሦስተኛውን ናትናኤል ራሱ ሊያስር ሲቀርብ ከነተቆለፈው ሸሚዙ አረንጓዴ ምራቅ አለበሰችው። ዞር ብሎ ፊቱን በመሐረብ ጠረገና ድምፁን ሳይለውጥ «ቁጥሩ በሩ ላይ ይጻፍ» አለ።

ቀጥሎ ሞዴል 22 መጣ፤ ንብረት ወጪ ሆኖ ለተጠቃሚ የሚሰጥበት ወረቀት። ናትናኤል ለዋቅጋሪ ጮክ ብሎ አነበበለት። «መሣሪያውን ከአቧራና ከእርጥበት ልጠብቅ፣ ሲጠየቅ በተረከብኩበት ሁኔታ ልመልስ ተስማምቼ ተረክቤያለሁ።» ዋቅጋሪ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የማይቀር ሰው ነው፤ ለእሱ ፊርማ ቃል ነው። እስክሪብቶውን ተቀብሎ ስሙን እስከ አያቱ ጻፈ።

ያንን ቃል አምቦ ላይ መጠበቅ ቀልድ አይደለም። ግመሏን ቢፍቱ፣ የፀሐይ ጮራ፣ አላት፤ ከፀሐይ አገር ስለመጣች። ለቢፍቱ እሾህ ፍለጋ በየጎረቤቱ አጥር ለአጥር ዞረ፤ ጨው ሲያምራት ጨዋማው ምንጭ፣ ሆራው ድረስ እየነዳ አጠጣት። የሆራ ውሃ የጠጣች ቀን የምታገሳው ግሳት በሩቅ ይሰማል። የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ደግሞ ቆዳዋ መንዘፍዘፍ ጀመረ። ዋቅጋሪ ለንብረት ክፍል በደብዳቤ ሸራ ጠየቀ። ናትናኤል ለመሣሪያ መሸፈኛ የሚፈቀደው ስፋት አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ነው ብሎ ያንኑ ቆርጦ ላከለት። ሸራው የሸፈነው ሻኛዋን ብቻ ነበር፤ ቆብ ያደረገች መሰለች።

በማግስቱ ባየሽ ቡሉኮዋን ከሳጥን አጣች። ባልና ሚስቱ የሚጠራሩት በልጃቸው በለሊሳ ስም ነው፤ እሱ አባ፣ እሷ ሃዳ።

«አባ ለሊሳ፣ ቡሉኮዬ የት አለ?»

«መሣሪያዋ በረዳት።»

«ምኗ?»

«መሣሪያዋ። ሃዳ ለሊሳ፣ ፈርሜያለሁ እኮ። ከእርጥበት እጠብቃለሁ ብያለሁ።»

«እኔን ስታገባ ምን ብለህ ነበር የፈረምከው?» አለችና ሁለት ቀን አላነጋገረችውም። በሦስተኛው ቀን ግን ቡሉኮው በነፋስ እንዳይገለጥ አራት ማሰሪያ ሰፍታ ላከችለት።

በሚያዝያ አንድ ማለዳ ዋቅጋሪ በሩን ሲከፍት ቢፍቱ ሥር አንድ እርጥብ፣ እግሩ ከሰውነቱ የረዘመ ፍጥረት ለመቆም ይታገላል። ዋቅጋሪ ስንት ላም አዋልዷል፤ ግመል እርጉዝ መሆኗን ግን አላወቀም። ሆዷ የሰፋው የአምቦ ሣር ተስማምቷት መስሎት ነበር። የእንስሳት ሐኪም እንዳያያት ደግሞ መሣሪያ ናት፤ የመረመራት ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ነው።

ሰምሃል ሮጣ መጣች። መርፌ አለመጀመሯን አስታውሳ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ግልገሏ ጡት እስክትጥል ቢፍቱን መርፌ አይነካትም ብላ ወሰነች፤ ለረጂው ድርጅት በላከችው ሪፖርትም «የመሣሪያ ተከላው በመዘግየቱ» ብላ ጻፈች።

ናትናኤል ግን ታመመ ማለት ይቻላል። ግልገሏን እያየ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ኦቦ ዋቅጋሪ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ግልገል ናት።»

«የገዛነው አንድ ነው።»

«አንድ ነው።»

«አሁን ሁለት ነው። ሐምሌ ላይ ኦዲተር ሲመጣ ያልተገዛ መሣሪያ ከየት አመጣችሁ ይለኛል።»

«ከእናቷ በለው።»

ናትናኤል መመሪያውን ሦስት ቀን አገላበጠ። ስጦታ እንዳይላት ስጦታ የሰጪውን ደብዳቤ ይፈልጋል፤ ሰጪዋ ደግሞ ቢፍቱ ናት። በማዕከሉ የተሠራ እንዳይላት የሥራ ትዕዛዝ አልወጣም። በአራተኛው ቀን ዓይኑ በርቶ መጣ። ከመሣሪያው ጋር ታሽጎ መጥቶ ዘግይቶ የተገኘ ነገር በአንድ ስም ብቻ ይመዘገባል። ደማቅ በሆነ የእጅ ጽሑፉ «መለዋወጫ፣ ብዛት አንድ» ብሎ ጻፈ። ዋቅጋሪ ለመለዋወጫዋም ፈረመ።

ግልገሏ ጡት ጥላ፣ ቢፍቱም ሥጋ ካወጣች በኋላ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራው ተጀመረ። ሰምሃል እጅግ የቀጠነ፣ ኃይሉ የተሰበረ መርዝ በጥቂት በጥቂቱ አንገቷ ሥር ትወጋት ነበር። በመጀመሪያው መርፌ ቀን ዋቅጋሪ ከግመሏ ይልቅ ራሱ አላበው። ጂሎ ያስተማረውን ድምፅ አውጥቶ አስቀመጣት፤ አንገቷን አቅፎ ስለ እህቱ ስለ ጃለኔ በጆሮዋ ነገራት፤ ማጭዷንም፣ ቃሬዛውንም፣ መብራቱንም። ሰምሃል መርፌውን እንደያዘች ቆማ ሰማች። ኦሮምኛ ገና መልመዷ ነው፤ የሰማችው ግን በቂ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ «ኦቦ ዋቅጋሪ» ትለው የነበረችው ልጅ «አባባ» ትለው ጀመር።

ወሬውም ወጣ። መርዝ የተወጋች ግመል አለች ሲባል አምቦ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ በማዕከሉ አጥር ሥር ማለፍ ተወ። ሌላው ግማሽ ጀሪካን ይዞ መጣ። አንዱ ለጨጓራ ወተቷን፣ አንዱ ለጎረቤት ምቀኝነት ምራቋን ለመነ። ዋቅጋሪ በበሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም በአንድ ቃል መለሰ፦ «የመንግሥት ንብረት ነው፤ ምራቁም በሞዴል 22 ነው።» ምራቁን ፈልጎ የመጣ አንድ ሰውዬ ግን ደረሰኝ ይቆረጥልኝ ብሎ ንብረት ክፍል ድረስ ሄደ። ናትናኤል ለምራቅ የተዘጋጀ ቅጽ ስለሌለ አዝናለሁ ብሎ በጽሑፍ መለሰለት።

ሁለት ዓመት ግድም አለፈ። በ2013 ዓ.ም. ሰኔ ሰምሃል ዋቅጋሪን ላቦራቶሪ ጠራችው። ነጭ ካፖርት አለበሰችው፤ እጅጌው አጠረው። የሚወዛወዝ ማሽን ላይ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ የደፈረሰ ፈሳሽ ይናጣል።

«አባባ፣ ይኸው ቢፍቱ።»

ዋቅጋሪ ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ያደረ ሾርባ ይሸታል።

«ግመል ግመል አይሸትም።»

«ከደሟ የወሰድነው መመሪያ ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች እሱን አንብበው እሷ የምትሠራውን አንቲቦዲ ይሠራሉ። በዚህ ሳምንት ስድስት አይጥ መርዝ ወጋን፤ ለሦስቱ ይህን ሰጠን። ሦስቱ አሁን እየበሉ ነው።»

«የቀሩት ሦስቱስ?»

ሰምሃል ወደ አንድ ባዶ ሳጥን አመለከተች።  በሕይወት ያሉትን አሳየችው፤ አንዷን መዳፉ ላይ አድርጎ ጀርባዋን በጣቱ ዳበሰ። ለሰው እስኪደርስ ብዙ ዓመት፣ ብዙ ፈተና እንደሚቀረው ሰምሃል ደጋግማ ነገረችው። «እሺ፣ እሺ» አለ፤ ጢሙ ግን ረጥቦ ነበር።

ከላቦራቶሪው ሲወጣ አንድ ነገር ትዝ አለው። «ታዲያ ከእንግዲህ ቢፍቱ ምን ትሠራለች?»

«ምንም» አለች ሰምሃል። «ትረፍ። ሥራዋን ጨርሳለች።»

መሥሪያ ቤት ውስጥ ግን ማረፍ የሚባል ነገር የለም። ስድስት ወር ሥራ ያልሠራ መሣሪያ ይወገዳል። በጥር የማስወገጃ ኮሚቴው ደብዳቤ ደረሰ። «የአንቲቦዲ ማምረቻ መሣሪያው ከነመለዋወጫው አገልግሎቱን ስላጠናቀቀ፣ ተፈታትቶ በየክፍሉ እንዲወገድ ተወስኗል።» የፈረሙት የኮሚቴው ሰብሳቢ ኦቦ ሙለታ ናቸው፤ አስተዳደር ክፍል ከፎቅ ላይ ስለሚሠሩ የጥንቸሎቹን ግቢ ረግጠውት አያውቁም።

ኦቦ ሙለታ ሁለት መካኒክ አስከትለው፣ ናትናኤልን ከነመዝገቡ ይዘው መጡ። በሩ ተከፈተ። ቢፍቱ ታመሰኳለች። አሁን ከናትናኤል የምትረዝመው መለዋወጫ ከኋላዋ ቆማለች።

«ማሽኑ የት አለ?» አሉ ኦቦ ሙለታ።

«ፊትዎ ቆማለች» አለ ዋቅጋሪ።

 አንደኛው መካኒክ መፍቻውን ወደ ኪሱ መለሰ። ኦቦ ሙለታ ደብዳቤውን አዩ፣ ግመሏን አዩ፣ እንደገና ደብዳቤውን አዩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን በሠላሳ ዓመት አገልግሎታቸው የወጣ ደብዳቤ ተመልሶ ሲገባ አላዩም።

«እንግዲህ ደብዳቤ ወጥቷል» አሉ። «ሉካንዳ ቤት እንጠይቃለን። ፈርመህ ተረክበህ የለም እንዴ? አስረክብ።»

ዋቅጋሪ በሩ መሃል ገብቶ ቆመ። በሕይወቱ ሙሉ ለአለቃ «አይሆንም» ብሎ አያውቅም።

«ጌታዬ፣ ፈርሜያለሁ። ከአቧራና ከእርጥበት እጠብቃለሁ ብያለሁ። ከቢላ አልጠብቅም ግን አላልኩም። ሲጠየቅ በተረከብኩበት ሁኔታ እመልሳለሁ ነው የሚለው። የተረከብኳት ቆማ ነው። ቆማ ነው የማስረክባት።»

ሁሉም ወደ ናትናኤል ዞሩ። ናትናኤል ሞዴል 22ቱን ከመዝገቡ አውጥቶ ቃል በቃል አነበበው። 

«ልክ ናቸው» አለ ቀስ ብሎ። «በተረከቡበት ሁኔታ ይላል። ደግሞ... ኦቦ ሙለታ፣ አንድ መሣሪያ ከመወገዱ በፊት መጠገን አለመቻሉ በአቅራቢው መረጋገጥ አለበት። ይሄ አልተደረገም። ደብዳቤውን መሰረዝ አያስፈልገንም። ማምረት ስላቆመች ለጥገና ወደ አቅራቢዋ ትላክ። የማስወገጃው ደብዳቤ የጥገናው ውጤት እስኪመጣ ይጠብቃል።»

ኦቦ ሙለታ ከትከሻቸው ላይ ሸክም የወረደ ያህል ተነፈሱ። «ጥገና! ጥገና ጥሩ ነው» አሉ፤ ግመሏን ሊመቱ ነው ወይስ ሊዳብሱ ሳይታወቅ እጃቸውን ዘርግተው መልሰው ሰበሰቡና ሄዱ።

የመውጫ ፈቃዱ በማግስቱ ተጻፈ፦ «አንድ መሣሪያ ከነመለዋወጫው፣ ለጥገና ወደ ፈንታሌ።» ዋቅጋሪ ከአይሱዙው ኋላ በሁለቱ መሃል ተቀምጦ ጉዞ ጀመረ። ግንጪን አልፈው አዲስ ዓለም ሲደርሱ ፍተሻ ላይ ያለው ትራፊክ ፖሊስ ፈቃዱን አንብቦ መኪናው ላይ ወጣ። ከግመሏ ሥር አየ፣ ከግልገሏ ኋላ አየ።

«መሣሪያውስ?»

«ይቺ ናት።»

«መለዋወጫውስ?»

«እቺኛዋ።»

ፖሊሱ ወረቀቱን ገልብጦ ማኅተሙን በጣቱ ዳሰሰ። ማኅተሙ እውነተኛ ነው። ሰላምታ ሰጥቶ አሳለፋቸው።

ፈንታሌ ሲደርሱ ጂሎ በሩቅ አውቋት ያንን የጉሮሮ ድምፅ አወጣ። ቢፍቱ ከመኪና ወርዳ የደረቀውን መሬት አሸተተች፤ አሸዋው ላይ ተንከባለለች፤ ሄደች። ዞር አላለችም። ዋቅጋሪ ከሐዘንና ከደስታ የቱ እንደያዘው ሳያውቅ ቆሞ ቀረ። ጂሎ የርክክብ ወረቀቱን በጣት አሻራው ፈረመና «ምኗ ነው የተበላሸው?» አለ። ዋቅጋሪ ሲነግረው ጂሎ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ሳቁ እስኪወጣለት ተነጋግሮ መጨረስ አልተቻለም።

ዋቅጋሪ በ2015 ዓ.ም. ጡረታ ወጣ። ለመውጣት ከንብረት ክፍል ክሊራንስ ያስፈልገዋል፤ ክሊራንስ ለማግኘት ደግሞ መሣሪያዋ ከጥገና መመለስ አለባት። ናትናኤል መንገድ ፈለገለት። በየዓመቱ ሰኔ ከአቅራቢው የጥገና ሪፖርት የሚያመጣ ከሆነ ክሊራንሱ «በጊዜያዊነት» ይሰጠዋል። ስለዚህ ዋቅጋሪ በየዓመቱ ሰኔ አውቶቡስ ተሳፍሮ ፈንታሌ ይወርዳል። ጂሎ ይናገራል፤ ዋቅጋሪ ይጽፋል፦ «መሣሪያዋ በመመርመር ላይ ናት፤ ትበላለች።» ናትናኤል ተቀብሎ ያስገባዋል። ከዚያ ፈሳሽ ተጣርቶና ደርቆ የወጣው የሰምሃል ዱቄት ደግሞ በጠርሙስ ሆኖ ያለ ፍሪጅ የካቺሲን ቆላ ሙቀት ዓመት ሙሉ ቻለ፤ አይጦች ላይ አሁንም ይሠራል። ለሰው ገና ነው። ሰምሃል እስክሪብቶዋን እየነከሰች ሌላ ፈቃድ፣ ሌላ ፈተና ትጠብቃለች።

ባለፈው ሰኔ ባየሽ «እኔም ልይ» ብላ አብራው ተሳፈረች። ሙቀቱን እያማረረች ወረደች። ጂሎ የግመል ወተት ሰጣት፤ አንድ ጽዋ አንገራግራ፣ ሁለተኛውን ሳትጠየቅ ጠጣች። ከዚያ በግራር ጥላ ሥር ጋደም ብላ ቢፍቱ ከእሾህ ላይ ቅጠል በከንፈሯ ስትለቅም ብዙ ሰዓት አየቻት።

«አባ ለሊሳ» አለች በመጨረሻ፣ «ሪፖርቱ ስንት ቀን ይፈጃል?»

«አንድ ቀን።»

«ናትናኤልን አራት ቀን ይፈጃል በለው» አለችና ጫማዋን አወለቀች።